ልጃችንን የምንካፈልበት ወረቀት

ባለቤቴ የነበረው ሰው ሁሉን እሺ ሲለኝ ነው መጠርጠር የጀመርኩት።

ከተፋታን በኋላ የሰባት ዓመት ልጃችንን እንዴት እንደምናሳድግ ለመስማማት አዳማ፣ ጎረቤቴ ሐጂ ሳሎን ውስጥ ተቀመጥን። ሐጂ የወሎ ሰው፣ ጨርቅ ሻጭ ናቸው፤ የሰፈሩ ጠብ ሁሉ እሳቸው ዘንድ ነው የሚያልቀው። ልጅቷ እኔ ጋ ትኑር አልኩ፤ እሺ አለ። ሽንኩርት ወደሚያለማበት ወደ ዓለም ጤና የሚወስዳት ቅዳሜ ጠዋት ብቻ ይሁን፣ እሑድም ከአስር ሰዓት በፊት ይመልሳት አልኩ፤ እሺ አለ። መብራት አጥፋ ስለው እንኳ ምክንያት የሚጠይቅ ሰው ነበር እኮ! ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። ይሄ ሰው ልጄን ሊወስድብኝ ነው አልኩ በልቤ።

የመጨረሻዋን አንቀጽ ያስገቡት ሐጂ ናቸው። «አንዳችሁ ቤት ስላለው ነገር ሌላኛችሁ ልጅቷን አትመርምሯት» አሉ። ሁለታችንም ፈረምን።

እኔ ለማፍረስ አንድ ሳምንት አልፈጀብኝም። እሑድ ስትመለስ ቦርሳዋን እበረብራለሁ፣ ልብሷን አሸታለሁ።

«ጸጉርሽን ማን ሠራሽ?»

«ረሳሁ።»

«ቤት ውስጥ ማን ነበር?»

«እንጃ።»

አፏን ከፈታች ጀምሮ ዝም ብላ የማታውቅ ልጅ! አንድ እሑድ ቦርሳዋ ውስጥ የማላውቀው አዲስ ደብተር አገኘሁ። በቃ፣ እዚያ ትምህርት ቤት አስመዝግቧታል ብዬ በነጠላ ጫማ ሐጂ ዘንድ ሮጥኩ። እሳቸውም በማግስቱ አስጠሩት።

«ልጄን ምን ብለህ ነው አፏን ያስዘጋሃት?» አልኩት ገና ሳይቀመጥ።

«እኔ?» አለ። «እኔም ስላንቺ ስጠይቃት ረሳሁ ነው የምትለኝ። አንቺ ያስጠናሻት መስሎኝ ነበር። ደብተሩን ሥዕል እንድትሥልበት ነው የገዛሁላት።»

«ታዲያ ያኔ ለምን ሁሉን እሺ አልክ?»

«ብከራከርሽ ቅዳሜዬንም ትከለክይኛለሽ ብዬ ነዋ።»

ሐጂ ሁለታችንንም አላዩንም። «ስትፈርሙ አንብቤላችሁ ነበር፣ ልጆቼ» አሉ ምንጣፉን እያዩ።

አፈርኩ። ግን እውነቱን ልናገር፣ ቤት እንደገባሁ ደብተሩን ገጽ በገጽ አገላበጥኩት። ላም፣ የውኃ ቦይ፣ አንድ ትልቅ ሽንኩርት፣ ሌላ ምንም የለም። ከዚያ በኋላ ሁለት እሑድ ምንም ሳልጠይቃት አለፈ፤ ምላሴን ነክሼ።

በሦስተኛው እሑድ እያነከሰች መጣች። ጫማዋን አውልቄ እግሯን ሳፋ ውስጥ ሳጥበው ተረከዟ አብጧል፤ እሾህ ገብቶበት በላዩ ቆዳው ገጥሟል። የዛሬ አይመስልም፣ ሦስት አራት ቀን ሳይሆነው አይቀርም። ይህን ሁሉ ቀን እየረገጠችው ከርማለች ማለት ነው፣ እዚሁ እኔ ፊት። ደነገጥኩ። መርፌ አምጥቼ እግሯን ጭኔ ላይ አስቀመጥኩ።

«የት ነው የወጋሽ፣ የኔ እናት?» አልኳት። በዚህች ጊዜ እንኳ ምንም ክፋት አልነበረኝም።

ቀና ብላ ፊቴን በደንብ አየችው።

«እማዬ» አለች ቀስ ብላ፣ «የት ብል ነው የማትጣሉት?»