«እርስዎ» የተባልኩበት ጠዋት

ድሬዳዋ ላይ አንቱታ ብዙ አይሠራም። ሽማግሌውም ሹሙም «አንተ» ነው። መጋላ ሰፈር ውስጥ የሚያውቁትን ሰው «እርስዎ» ማለት የተጣላ ሰው ሥራ ነው።

በጃንሆይ ጊዜ እዚያው መጋላ ልብስ ሰፊ ነበርኩ። ግድግዳ የምንጋራው ጎረቤቴ ዓይኑ የደከመ የባቡር ጡረተኛ ነው፤ ሚስቱ ሞታበት ብቻውን ይኖራል። በየጠዋቱ በሩ ላይ ተቀምጦ «አንቺ እንቅልፋም፣ ዛሬም ፀሐይ ቀደመችሽ» ካላለኝ ቀኔ አይጀምርም። እኔም «ዝም በል፣ አንተ ለፍላፊ» እለውና ቁርሱን አቀብለዋለሁ።

አንድ ሰሞን ሁለት ጎረምሶች መጡበት። «የእህቱ ልጆች ነን፣ ልንጦረው ነው» አሉን። ሰፈሩ መርቆ ተቀበላቸው። እኔማ ሞኟ ሳምቡሳ ጠብሼ ወሰድኩላቸው! ብዙም ሳይቆይ ሽማግሌው በር ላይ መቀመጡን ተወ። ቁርስ ይዤ ስሄድ «ተኝቷል» እያሉ ከደጅ ይመልሱኛል። ጆንያ ግን ይገባል፣ ጆንያ ይወጣል።

አንድ ጠዋት ቁርሱን በሳህን ይዤ ገፍቼ ገባሁ። ቤቱ እስከ ጣሪያው ጆንያ ነው። አንዱ ጎረምሳ አልጋው ላይ ተጋድሟል፤ የቤቱ ጌታ ሽማግሌው መሬት ላይ፣ ሰሌን ላይ ተቀምጧል።

«እንዴት አደርክ?» አልኩት።

«እግዜር ይመስገን፣ እመቤቴ። እርስዎስ እንዴት አደሩ?»

ደሜ ፈላ። ምን በደልኩት? ዘመድ ሲያገኝ እኔ ባዳ ሆንኩ? ሳህኔን እንደያዝኩ ወጣሁ።

በንዴት ስሰፋ አንዱን እጅጌ ገልብጬ ሰፋሁት። ስተረትረው ነው ነገሩ ብልጭ ያለልኝ። ያ ሰውዬ በዕድሜው ማንንም አንቱ ብሎ አያውቅም፤ የባቡሩን አለቃ እንኳ «አንተ» ነበር የሚለው። እነሱ ፊት መናገር ቢፈራ፣ እኔ ብቻ የምሰማውን ቃል መርጦ ነው።

ወደ ፖሊስ ጣቢያ በረርኩ። ከደጋ በቅርቡ የመጣው ወጣት ፖሊስ ሁሉንም ሰምቶኝ ሳቀ። «ታዲያ ሰውየው ስላከበረሽ ነው የምትከሺው?»

ከኋላው የተቀመጠው አሥር አለቃ ግን የድሬ ልጅ ነው። የሻይ ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«እሱ ነው እርስዎ ያለሽ?»

«እሱ ራሱ።»

«ወሪያ፣ ተነሱ» አለ ባልደረቦቹን፣ ኮፍያውን እያጠለቀ።

ጎረምሶቹ ዘመዶቹም አልነበሩም። ቤቱን የኮንትሮባንድ መጋዘን አድርገውት፣ ትንፍሽ ቢል እንደሚገድሉት ዝተውበት ኖሯል። ጆንያው ተጭኖ እነሱም ታስረው ሲሄዱ ሽማግሌው ግድግዳውን እየዳበሰ ወጣና የጥንት ቦታው ላይ ተቀመጠ። እኔ አጠገቡ ቆሜ አለቅሳለሁ። ጥዬው መሄዴ አንገበገበኝ።

«አንቺ ደንቆሮ» አለኝ። «ከእርስዎ በላይ ምን ልበልሽ? ክብርት ልበልሽ?»

እንደዚያ ቀን ስድብ ጣፍጦኝ አያውቅም።

«ደግሞ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ቁርሴን ይዘሽብኝ ሄድሽ።»