ሰፈሩ የበላው የሙከራ ማሽላ

ማለዳ፣ ደሴ

ሚኒባሱ ሳይሞላ አይነሳም፤ ከሞላ በኋላም ትንሽ ይቆያል። ሾፌሩን ታሪፉ ለምን እንደጨመረ ጠየቅኩት። ወደ ኮምቦልቻ መንገዱ ቁልቁለት ስለሆነ ነዳጅ ብዙም አይበላም አልኩት። ፍሬን ይበላል አለኝ። የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ስንወርድ አመንኩት።

ረፋድ፣ ኮምቦልቻ ዳር

ኮምቦልቻ ሲደርሱ ሹራብ ይወልቃል። በባጃጅ ወደ ከተማዋ ጫፍ፣ የአባቴ የድሮ ጓደኛ ጋሽ ይማም ወደሚኖሩበት ሰፈር ሄድኩ። በአንድ ወገን የሰብል ምርምር ጣቢያው የሽቦ አጥር፣ በሌላው ወገን የቆርቆሮ ጣሪያ፣ መሃሉ አቧራ።

ጋሽ ይማም የሰፈሩን ታሪክ ቆመው ነው የነገሩኝ። ድሮ ሁሉም የማሽላ እርሻ ነበር። መጀመሪያ ጣቢያው መጣ፣ ቀጥሎ ፋብሪካዎቹ። ከየገጠሩ ሠራተኛ ጎረፈ፤ ማደሪያ ሲፈልግ ገበሬውም በማሽላው ፋንታ የሚከራይ ክፍል መደርደር ጀመረ። ክፍል ዝናብ አይጠብቅም። በመጨረሻ ማሽላ የቀረው ከሽቦው ወዲያ ብቻ ሆነ።

እዚያ ካሉት አንዱ ወተት በጉንጬ የሚባለው ዝርያ ነው። ዘሩን ለጣቢያው የሰጡት እሳቸው ናቸው፤ በሰፈሩ የቀረው የመጨረሻ ዘር እሱ ነበር። ዘንድሮ ሙከራው ሁለተኛ ዓመቱ ነው። ካለፈ ይባዛል፣ ከወደቀ ከማሳ ይወጣል። ነገሩ እንቅልፍ እንደነሳቸው አልደበቁኝም።

ቀትር፣ ምሳ

የተጠበሰ የማሽላ እሸት ቀረበ። ይጣፍጣል፣ ወተት ወተት ይላል። ከየት እንደመጣ ጠየቅኩ፤ ጎረቤት እንዳመጣላቸው ነገሩኝ። ጎረቤትስ ከየት አመጣ?

«ከሽቦው ወዲያ ነዋ» አሉ ጋሽ ይማም። «የኔው ዘር ነው። ጣዕሙ ቅንጣት አልተለወጠም፣ አልሐምዱሊላህ።»

በዚህ አገር መንገደኛ እሸት ቢቀጥፍ ሌብነት አይደለም፤ ባለማሳው ቢያይ እንኳ ብሉ ይላል። ሽቦው ሲታጠር ይህን የሻረ ሰው አልነበረም። እኔም ሁለተኛ ዛላ አነሳሁ።

ከሰዓት በኋላ፣ ጣቢያው

የማሽላው ተመራማሪ ራሔል የምትባል የደሴ ልጅ ናት። እኔንና ጋሽ ይማምን ማሳውን እያስጎበኘችን ወተት በጉንጬ አምና በምርት መጨረሻ እንደወጣ፣ ዘንድሮም ዛላው እንደሳሳ ነገረችን። የወፍ ጠባቂ ቀጥራለች። ወፉ ግን ሌላውን ሁሉ ትቶ እዚህ ላይ በረታ። የአንዳንዱን ዛላ ከነአንገቱ እንደሚወስድም አስተውላለች፤ ትልቅ ወፍ ሳይሆን አይቀርም።

ጋሽ ይማም አንገቱ የተቀጠፈ አገዳ ዳበሱ። እኔ በምላሴ ጥርሴን አጸዳሁ።

«ልጄ፣ ወፍ አይደለም» አሉ። «እኛ ነን። ወላሂ፣ እኔም ዛሬ በልቻለሁ።»

ራሔል አልተቆጣችም። ምን ያህል እንደተበላ ብቻ ጠየቀች። እሸት በሚዛን የሚበላ ሰው ግን የለም። ሚዛን ላይ ያልወጣውን ምርት ልትለው አትችልም። ለሙከራው አንድ ዓመት ታስጨምራለች፤ ከዚያ በኋላ ግን አበቃ።

«አባባ፣ እንዳይበሉ እርስዎ ይንገሩልኝ።»

«እሸት አትብሉ ብዬ?»

ፊታቸው ላይ ፍርሃት ያየሁት ያኔ ነው። ራሔልም ዘሩ እንዳይጠፋባቸው ከአምናው አንድ ጭብጥ በወረቀት ጠቅልላ ሰጠቻቸው። አንጀቴን በሉት።

ወደ ማታ፣ ሰፈሩ

ከቤታቸው ጎን፣ መንገዱ ዳር፣ ለአዲስ ክፍል ካስማ ተተክሎ ሲባጎ ተወጥሯል። ጋሽ ይማም እንደደረስን ካስማውን ይነቅሉ ጀመር። ገና ሳይጨርሱ ክፍሉን ለመከራየት የተነጋገረች የፋብሪካ ሠራተኛ፣ ከሐርቡ ከተማ የመጣች ልጅ፣ ከሥራ ወጥታ መጣች። መቼ እንደሚያልቅ ጠየቀች።

«አያልቅም፣ እርሻ ሆኗል» አሉ።

«የማን እርሻ?»

«የመንገደኛ። ኢንሻአላህ እዚህ ይበላሉ፣ ከሽቦው ወዲያ ያለውን ይተዉልኛል።»

ልጅቷ መሬቱን አየች። «እኔስ የት ልደር?»

ይህን አላሰቡበትም። የያዙትን ካስማ መሬት ላይ ጣሉ። ከዚያ ገብተው ዛሬ እንዳድርበት ለእኔ የተነጠፈውን ፍራሽ አሳዩዋት፤ ሌላ ማደሪያ እስኪገኝ እዚያው እንድትሆን ነገሯት። እኔንም ይቅርታ ጠየቁኝ።

በመጨረሻው ሚኒባስ ወደ ደሴ ወጣሁ። ብርዱ እንዳለ ነው። ከቤት እንደዚህ ደስ ብሎኝ ተባርሬ አላውቅም።