እትዬ ሆዷ ላይ ያሰረችው አቡጄዲ

በአሰሳው ዘመን ኮልፌ በነበርንበት ቤት ሁለት እርጉዞች ነበርን፤ የአንዷ ግን የውሸት ነው። ውሸታሟ ታላቅ እህቴ ናት፤ እትዬ ነው የምላት።

የባሌ መርዶ ከግንባር ሲመጣ ሁለት ልጅ በእጄ፣ ሦስተኛው በሆዴ ነበር። እትዬ ደግሞ በዘጠኝ ዓመት ትዳሯ አንድም አልወለደችም። አብረዋት የሚኖሩት አማቷ፣ እማማ የምላቸው፣ ለልጃቸው ሌላ ሴት አጭተው፣ እስከ ፋሲካ ካላረገዘች ጓዟን ትሸክፍ ብለው ቁርጧን ነግረዋታል። ባሏ ከእናቱ ቃል የማይወጣ ልፍስፍስ ነው። እትዬ እግሬ ላይ ወድቃ የሆዴን ልጅ ለመነችኝ። እኔ ሆደ ቡቡዋ እሺ አልኩ። እንደዚያ በቀላሉ እሺ ማለቴ ዛሬም ያንገበግበኛል።

የጉልት ንግዴን አስትታ ከነልጆቼ ቤቷ አስገባችኝ። ከቦኖ ውሃ መሸከም ተከለከልኩ። "ጉበት አማረኝ" ብላ አማቷን ታስገዛለች፣ ጓዳ ገብቼ የምበላው ግን እኔ ነኝ። ጠዋት ጠዋት አቡጄዲ አጣጥፈን ሆዷ ላይ እናስራለን፤ የኔ ሲገፋ ለሷም አንድ እጥፍ ይጨመርላታል። ባሏ እያወቀ ዝም አለ፤ አዋላጇንም አፏን አሲዘናታል። እውነቴን ነው፣ በአቡጄዲው እንስቅ ነበር። ያልሳቅነው የመጨረሻውን ስንነጋገር ብቻ ነው። ልጁ የሷ ይሆናል፣ የኔ ሞቶ ተወለደ ይባላል። ሰው ሊያጽናናኝ ሲመጣ ማልቀስ አለብኝ።

ባሏ ሥራ በሄደበት አንድ ረፋድ አብዮት ጠባቂዎች በሩን በርግደው ገቡ። ወረቀትና መሣሪያ ነው የሚፈልጉት። ፍራሹን በሳንጃ ዘረገፉት። ትልቁ ልጄ ቢያለቅስ አንዱ በጥፊ ከግድግዳ አጋጨው፣ እጁ ይቆረጥና። ከዚያ ዓይኑ እትዬ ላይ አረፈ። ለካ በድንጋጤ ብድግ ስትል መቀነቷ ላልቶ ሆዷ ወደ ጎን ሾልኳል። ቀሚሷን ከደረቷ ጀምሮ ቀደደው። አቡጄዲው ተተርትሮ አማቷ እግር ስር ወደቀ። እማማ ዓይናቸውን ተከሉበት።

ጠባቂው ጨርቁን በእርግጫ በትኖ ምንም ሲያጣበት ወደኔ ዞረ። "ያንቺንስ እንፈትሸው?" አለና የጠመንጃውን ሰደፍ ወደ ሆዴ ሰነዘረ። እትዬ መሃል ገባች። የጎድን አጥንቷ ሲሰበር ሰማሁት። ደገማት። ሦስተኛው አፏ ላይ አረፈ፤ ጥርሷ ከነደሙ መሬት ላይ ተረጨ። እጆቿን ከሆዴ አላነሳችም፤ ደም እየተፋች "ልጄን፣ ልጄን" ትላለች። ሲሰለቻቸው ጥለውን ሄዱ።

እማማ አሁን ያባርሯታል ብዬ ስጠብቅ፣ የእትዬን ደም በለብታ ውሃ አጠቡ። አቡጄዲውንም ለቅመው፣ አጥበው አጣጥፈው ሳጥናቸው ውስጥ ከተቱት።

ምጤ በሳምንቱ መጣ። ወንድ ወለድኩ። እማማ ሕፃኑን ከእጄ ተቀብለው ከተኛችው እትዬ ጎን አስተኙትና እልልታውን አቀለጡት። ጎረቤት ሲሰበሰብ የምራቴ ነው፣ የእህቷ አልተረፈላትም አሉ። ሴቶቹ ገንፎውን ለእትዬ በዚያ በተሰባበረ አፏ ያጎርሷታል፣ ወደኔ ዞር ብለው "እግዜር ይካስሽ" ይሉኛል። ለቅሶዬን ማስመሰል አላስፈለገኝም።

ጎረቤቱ ሲወጣ ጡቴ አግቶ ደረቴ ሊፈነዳ ደርሷል። አንዴ ብቻ ላጥባው ብዬ እማማን ለመንኩ። እሳቸው የላም ወተት በውሃ እያቀጠኑ ነበር።

"ደሟን አፍስሳበታለች፣ እናቱ እሷ ናት" አሉኝ። "አንዴ ካጠባሽው ደግሞ አትሰጪውም።"

እውነታቸውን ነበር። ይቅር ያላልኳቸውም ለዚሁ ነው።

ሳጥናቸውን ከፍተው አቡጄዲውን አወጡ። እጄን አስነስተው፣ ወተቱ እንዲደርቅ ጡቴን በሱ ጥፍር አድርገው አሰሩት። ማዶ አልጋ ላይ ሕፃኑ ማልቀስ ሲጀምር ጨርቁ ደረቴ ላይ ራሰ።