ከልውውጡ የቀረ ምርቃት

«ሁለቱም ቡድኖች ተጠቅመዋል» የሚል ሰው ስሰማ ዛሬም ደሜ ይፈላል። አንድ ቡድን ኮከቡን ሰጥቶ ሁለት ተጫዋች ተቀበለ በተባለ ቁጥር ጣታቸውን እያጠፉ የሚቆጥሩ ወንዶች አይጠፉም። ይሄኛው ቁመት አገኘ፣ ያኛው ነጥብ አገኘ፣ ስለዚህ ማንም አልተጎዳም ይላሉ። እኔ ይህን ስሌት መጀመሪያ የሰማሁት በአሥራ ስድስት ዓመቴ፣ ሐረር ውስጥ፣ ከስፖርት አስተማሪያችን አፍ ነው። ጠመኔ ይዞ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ነበር ያስረዳን።

ጊዜው የጃንሆይ ዘመን ነው። በከተማው የሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድን ያላቸው ትምህርት ቤቶች ሦስት ብቻ ነበሩ። የእኛ ሜዳ አቧራ ነው። የቅርጫቱን ቀለበት አንድ በያጅ ከአሮጌ ብረት ሠርቶልናል። መረብ ስላልነበረው «ገባ፣ አልገባም» የሚለው ጭቅጭቅ ሳምንት ይቆያል። ክርክር የማያስነሳው የጓደኛዬ ኳስ ብቻ ነበር፤ ቀለበቱን ሳይነካ ያልፋል።

ጓደኛዬ የጀጎል ልጅ ናት። ቤታቸው ከፈላና በር ውስጥ፣ የእኛ ደግሞ ከበሩ ውጪ ስለነበር የሚለየን በሩ ብቻ ነው። ከቀሚሷ ስር ጠባብ ሱሪዋን ለብሳ፣ ሻሿን ከኋላ ጥብቅ አድርጋ አስራ ትጫወታለች። የምትወረውረው በግራ እጇ ነው። እናቷ በግራ እጅ አትብዪ እያሉ ሲቆጧት ስላደገች፣ የተከለከለችውን እጅ ለኳስ አስቀምጣዋለች። ተከላካዮች ቀኟን ሲጠብቁ በግራ ታስገባባቸዋለች። ለእሷ ኳሱን የማቀብለው እኔ ነበርኩ። ጎበዝ ነበርኩ አልልም፤ እሷ የት እንደምትቆም ግን ሳላይ አውቃለሁ።

አባቴ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበር፤ ቤቱንም የሚያስተዳድረው በውሳኔ ነው። ልምምድ የሚያልቀው አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። «በዚያ ሰዓት ጅብ አለ» አለ። አባቴ ጅብ ሲል ወንድ ማለቱ እንደሆነ ቤተሰቡ በሙሉ ያውቃል። ወንድም የለኝም። ለብዙ ቀን ካለቀስኩ በኋላ ፈረደ፤ «ከዚያች ልጅ ጋር ሄደሽ ከዚያች ልጅ ጋር ከተመለስሽ ተጫወቺ። ብቻሽን ከሆንሽ ግን የለም።»

የጓደኛዬ እናት ደግሞ ጊደር መጋላ ገበያ ቅመም ይሸጡ ነበር። አባቷ በሕይወት ስላልነበሩ ቤቱን የያዙት እሳቸው ናቸው። እሳቸውም ለእኔ የነገሩኝ ያንኑ ነው። «አንቺ ካለሽ እሺ። አንቺ ከሌለሽ ወላሂ ከደጅ አትወጣም።» እንግዲህ እሷ የእኔ ፈቃድ ነበረች፣ እኔም የእሷ። ይህን ሁለቱ እናቶችና አባቴ ያውቃሉ። የማያውቁት የሚያሠለጥኑን አስተማሪዎች ብቻ ነበሩ፤ ጠይቀውን አያውቁማ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት የእኛ አስተማሪና የሌላው ትምህርት ቤት አስተማሪ በርጫ ተቀምጠው፣ ጫታቸውን እየቃሙ ጓደኛዬን ተለዋወጧት። እሷ ወደዚያ ትሄዳለች፤ በምትኳ ሁለት ረጃጅም ልጆች ወደ እኛ ይመጣሉ። ሰኞ መልቀቂያዋ ተጻፈ። እናቷ «የተሻለ ትምህርት ቤት ነው» ተባሉ፣ እሳቸውም ደስ አላቸው። ሁለታችንም የምንሄድ መስሏቸው ነበር።

አስተማሪያችን ሰሌዳው ላይ በአንድ በኩል አንድ ጭረት፣ በሌላው ሁለት ጭረት አሰመረ። «አንድ ሰጠን፣ ሁለት ወሰድን። እነሱ ደግሞ ነጥብ የምታስገባ አገኙ። ሁለታችንም ተጠቃሚ ነን» አለ። እጄን አወጣሁ።

«እኔስ?»

«አንቺ አትጨነቂ አቦ፤ አንቺን የጠየቀ የለም።»

ክፍሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ያቺን ሳቅ እስከዛሬ ይቅር አላልኳትም።

የመጀመሪያው የልምምድ ቀን ሲደርስ ጓደኛዬን እናቷ ጠየቋት፤ «ያቺስ ልጅ?» እዚያ እንደሌለች ነገረቻቸው። «እንግዲያው አንቺም የለሽም» አሏት። በዚያው ምሽት ከበሩ ውጪ አባቴ እኔን ያንኑ ጠየቀኝ፣ ያንኑም መለሰልኝ። አለቀ። እሷ አዲሱ ትምህርት ቤት ጠዋት ሄዳ ተምራ ትመለሳለች፤ ሜዳውን ግን አልረገጠችውም። እኔም ቤቴ ተቀመጥኩ። የመጡት ሁለቱ ረጃጅሞች ከቀለበቱ ስር እጃቸውን ወደ ሰማይ አንስተው ቆሙ፤ ኳስ የሚያደርስላቸው አልነበረም። የጠቅላይ ግዛቱን ዋንጫ ሦስተኛው ትምህርት ቤት ወሰደው። ሁለቱ አስተማሪዎች «አታለልከኝ» እየተባባሉ ተኳረፉ። ሁለቱም ተጠቅመዋል!

ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሳሩ ነው ይባላል። የእኛዎቹ ግን ገና ሳይጣሉ፣ እየተሳሳቁ ነው የረገጡን። ሴት ልጅ ከቤቷ ሜዳ የምትደርሰው እንዴት ነው ብሎ ለመጠየቅ ስንት ዓመት መማር ያስፈልጋል?

እስካሁን የተናገርኩትን ለሰው ስናገር ኖሬያለሁ። ሁሉም እውነት ነው፣ አንድም ቃል አልሰርዝም። ቀሪውን ግን ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

ልምምድ ካቆምን ሁለት ሳምንት አልሞላንም፤ እናቴ አብሽ እንድገዛ ጊደር መጋላ ላከችኝ። የጓደኛዬ እናት በጣሳ ሰፈሩልኝ። እንደ ሁልጊዜው ሳልጠይቃቸው እፍኝ ጨምረው መረቁልኝ። ከዚያ እጃቸውን እያራገፉ እንዲህ አሉኝ፤

«ወላሂ፣ እኔ እንኳ አንድ ጣሳ አብሽ ሸጬ ሳልመርቅ አልሰድም። እነዚያ አስተማሪዎች ልጄን ሲለዋወጡ አንቺን ቢመርቁ ምን ነበረበት? ቤት ገብታ ስታለቅስ ነው የምትውለው። ሂጂና ንገሪው ለአስተማሪሽ። እኔንም መርቁና ላኩኝ በይው።»

«እሺ፣ አዴ» አልኳቸው፣ እንደ ልጃቸው እናቴ ብዬ።

አልሄድኩም። ምርቃት! ተሰፍሮ ካለቀ በኋላ ከላይ ጣል የሚደረግ እፍኝ! «አንቺን የጠየቀ የለም» ያለኝ ሰው ፊት ቆሜ በነጻ ስጠኝ ልለው? እሷ ተፈልጋ፣ እኔ ተለጥፌ? በውስጤ ሌላም ነገር ነበር፤ ሳልደብቅ ልጻፈው። እሷን መፈለጋቸው አናዶኝ ነበር። እኔ ቤት ከተቀመጥኩ እሷም ትቀመጥ፣ ያልኩት ይህንን ነው። በአሥራ ስድስት ዓመቴ ይህን ያህል ክፉ ነበርኩ።

ከዚያ የሆነውን አስቀድሜ ልናገርና ልገላገል። በዚያው ክረምት ታጨች። ኳሱ ከቀረ ወዲህ ትምህርቱም አስጠልቷት ስለነበር አልተከራከረችም። በሚቀጥለው ዓመት ደብተር አልያዘችም። በሠርጓ ቀን እጇ ሒና ተቀብቶ፣ ሰው ሳያይ በግራ እጇ አንድ ሎሚ ወረወረችልኝ። ቀለብኩት። አስተማሪያችንን ከብዙ ዓመት በኋላ ወደ ድሬዳዋ በሚሄድ አውቶቡስ ውስጥ አገኘሁት። ስላሳለፍነው ዘመን ሲያወራ፣ «ያኛው አስተማሪ መላ ፈልግልኝ እያለ ነዝንዞኝ ነበር። አንቺ አንድ ቃል ብትነግሪኝ በማግስቱ እልክሽ ነበር እኮ» አለኝ።

አሁን ወደዚያ ገበያ ልመለስ። ከሳምንት በኋላ እናቴ ደግማ ላከችኝ። የጓደኛዬ እናት ከሩቅ ሲያዩኝ ሌላ ገዢ አቆይተው ጠሩኝ።

«ነገርሽው?»

«ነገርኩት።»

«ምን አለሽ?»

«እምቢ አለ፣ አዴ።»

ከዚያ አንድ ጣሳ ሰፍረው ዘንቢሌ ውስጥ ገለበጡልኝ። እፍኝ ጨመሩበት። እጃቸውን መልሰው ወደ ጆንያው ሰደዱና ሌላ እፍኝ ዘግነው ያንንም ጨመሩልኝ።

«ይሄ ስለ ልጄ ብለሽ ስለለመንሽው ነው። አላህ ይስጥሽ» አሉኝ።

ዘንቢሉን ይዤ በፈላና በር ወጣሁ። እናቴ ቤት ተቀብላኝ ከፍታ አየችውና «ዛሬስ ምርቃቱን አብዝተውልሻል» አለች።