የምንጃር ሽንኩርትና የአባቴ ልቅሶ

ዘመኑን በትክክል አላስታውሰውም። ልጅ ነበርኩ፤ ጣሊያንም ከተማውን ይዞ ነበር። ክረምቱ የወጣ ይመስለኛል፣ ልደታ ያለው የደጃችን ጭቃ ደርቆ ነበርና። አባቴ ከአርበኞች ጋር ዱር ገብቷል። እናቴ ግን ለጠየቃት ሁሉ «ለንግድ ጅማ ወርዷል» ትል ነበር።

መሞቱ የተሰማ ለት ልቅሶ መቀመጥ አልቻለችም። ደረት ከተመታ የአርበኛ ቤት መሆኑ ይታወቃል፤ ቤቱ ይቃጠላል፣ እሷም ትታሰራለች። ስለዚህ ሽንኩርት እየከተፈች አለቀሰች። ለእኔ ማንም ምንም አልነገረኝም፤ አጠገቧ ተቀምጬ ልጣጩን እለቅም ነበር።

ከመንደሩ ባንዳዎች አንዱ ሳናየው ገባ። «ምን ሆነሽ ነው?» አላት።

«ሽንኩርቱ ነው፣ ጌታዬ።»

ከተከተፈው አንስቶ ዓይኑ ሥር ያዘና ጥቂት ጠበቀ። «ይሄ እንኳን ሰው ዝንብም አያስለቅስም!» አለ። እናቴ ቀና ሳትል መክተፏን ቀጠለች።

ይሄኔ ተክለ ሃይማኖት ገበያ ሽንኩርት የሚሸጡት ጎረቤታችን እንቅባቸውን ታቅፈው ገቡ። ከደጅ ሆነው ሰምተው ኖሯል። «ይሄማ የአቃቂ ወንዝ ዳር ነው። ውሃ ጠግቦ ያደገ ምን አቅም አለው? ቅድም የከተፈችው የእኔን የምንጃሩን ነው፤ ድስት ገብቷል። ዘሩ አንድ ነው፣ የሚያከርረው መሬቱ ነው» አሉ። ከእንቅቡ አንዱን አውጥተው ለሁለት ሰነጠቁና አፍንጫው ሥር አደረጉለት። የሰውዬው እንባ ዱብ ዱብ አለ።

«አንተስ ማን ሞተብህ፣ ልጄ?» አሉት።

እየሳቀ፣ ዓይኑን እያሸ ወጣ። እሳቸው ግን አልሳቁም። እንቅቡን መሬት ላይ ዘረገፉት። የሰፈሩ ሴቶችም ወሬው በሹክሹክታ ደርሷቸው ኖሮ አንድ በአንድ ቢላቸውን ይዘው መጡና ለማኅበር ድግስ የሚከትፉ መስለው ተቀመጡ። ሙሾ የለ፣ ድንኳን የለ፤ የቢላው ድምፅ ብቻ። «ና ልጄ፣ ከእኔ ጋር ላጥ» አሉኝ ጎረቤታችን፤ ከዚያም ጆሮዬ ላይ ቀስ ብለው ነገሩኝ። ያን ያህል ሳለቅስ የጠየቀኝ የለም።

ዛሬ ገበያው ላይ ያለው ሽንኩርት ትልልቅ ነው፤ ምራቴ ስትከትፈው ዓይኗ ደረቅ ነው። ልቅሶውም በድንኳን፣ በድምፅ ማጉያ ሆኗል። ደግ ነው፤ ማንም ተደብቆ አያልቅስ። እናቴ ያን ሐዘን እንዳፈነችው አረጀች። እኔ ግን አባቴን በሕፃንነቴ አልቅሼ ወጥቶልኛል። ያስለቀሱኝም፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች ናቸው።