የፈተናው አሮስቶ

ይህ ነገር የደረሰብኝ በንጉሡ ዘመን፣ ሐረር ውስጥ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። ብዙ ዘመን ሆኖታል። ሰዎች «የድሮ አስተማሪ ቀረ» እያሉ ሲቆጩ በሰማሁ ቁጥር ግን ትዝ ይለኛል፤ ትዝ ሲለኝም ምራቄ ይመረኛል።

የትምህርት ቤቱን ስም አልጽፍም። የሰዎቹንም አልጽፍም፤ ልጆች አሏቸው፣ ልጆቻቸው ደግሞ ምንም አላደረጉኝም። በፊታቸው «እርስዎ» እያልኩ ነው የኖርኩት። እዚህ ግን አንቱታውን ትቼዋለሁ።

የጀጎል ልጅ ነኝ። አባቴ መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ ላይ ልብስ ሰፊ ነበር። መንገዱን እንዲህ ያሰኘው የእነአባቴ የስፌት መኪና ጫጫታ ነው። በዚያን ጊዜ ከእኛ ሰፈር ከጀጎል ግንብ ወጥታ እስከ አሥራ ሁለተኛ የዘለቀች ሴት ልጅ እኔ ብቻ ነበርኩ። ዘመዶች ሱቅ ድረስ እየመጡ «ይህችን ልጅ መቼ ነው የምትድራት?» ይሉታል። እሱ መቀሱን ሳያስቀምጥ «ሐኪም ልትሆን ነው» ይላቸዋል። ለእኔ ለብቻዬ የነገረኝ ደግሞ ይህን ነው፦ «ለሕክምና ከሆነ አዲስ አበባ እልክሻለሁ። ለሌላ ግን ለምንም አልልክሽም። ለሰው የምመልሰው መልስ ይኖረኝ ዘንድ ነው።»

ስለዚህ ሌት ተቀን ሳይንስ ነበር የማጠናው። ለማትሪክ የሚያስፈልጉኝን አምስት ትምህርቶች ይዣለሁ። ስድስተኛ አልፈለግሁም።

ስድስተኛውን የፈለገው ትምህርት ቤቱ ነው።

ሆም ኢኮኖሚክስ የሚሉት የባልትና ክፍል አዲስ ተከፍቶ ነበር። የውጭ አገር ሰዎች የጋዝ ምድጃ፣ የስፌት መኪናዎች፣ ነጫጭ ሳሕኖች ሰጥተዋል። ክፍሉ ብዙውን ጊዜ ተቆልፎ ነው የሚውለው። በትምህርቱ ማትሪክ የሚፈተን አንድም ተማሪ ካልተገኘ ግን ዕቃው ተነሥቶ ለሌላ ከተማ ይሰጣል የሚል ወሬ መጣ። ያን ጊዜ ዳይሬክተሩ አስጠራኝ። የባልትና አስተማሪዋ አጠገቡ ተቀምጣለች።

«አምስት የቻለ ስድስት ምን ያቅተዋል?» አለኝ።

«ጋሼ፣ ፊዚክሱ ገና አላለቀልኝም። ጊዜ የለኝም።»

«የልብስ ሰፊ ልጅ አይደለሽ? ስፌቱን ከቤትሽ ይዘሽው መጥተሻል። ወጥ መሥራት ደግሞ ለሴት ልጅ ትምህርት ነው እንዴ?»

ትምህርት ካልሆነ ለምን ፈተና አስፈለገው ብዬ አልጠየቅሁትም። ዛሬ ቢሆን እጠይቀው ነበር።

በክፍሌ ሌሎች ሴቶችም ነበሩ። እነሱን ያልጠሩበትን ምክንያት አስተማሪዋ ራሷ በር ላይ ነገረችኝ። «እነዚያ ይወድቁና ያሰድቡናል። አንቺ አትወድቂም፣ የኔ ቆንጆ።» ለጥቂት ቀን እንቢ አልኩ። ከዚያ ዳይሬክተሩ በሰልፍ ላይ፣ ባንዲራው ሥር፣ «ትምህርት ቤቷን የማትወድ ልጅ አለች» ብሎ ወደ እኔ ተመለከተ። ማታ አስተማሪዋ መጥታ ለማትሪክ ስም የሚያስተላልፈው እሱ መሆኑን አስታወሰችኝ። ተሸነፍኩ።

የባልትናው ፈተና ግማሹ በተግባር ነበር። ከአዲስ አበባ የሚመጡ ፈታኞች ባሉበት ምግብ ሠርቶ ማቅረብ ነው። የታዘዝኩት አሮስቶ፣ በምድጃው ውስጥ የሚጠበስ ሥጋ ነበር። ደንቡ ደግሞ ሠሪዋ በፈታኞቹ ፊት ቀምሳ እንድታቀርብ ያዛል።

ሐረር ለማያውቅ ሰው ልንገረው። እኛና ክርስቲያኖቹ ጎረቤቶቻችን አብረን ኖረናል፣ ለቅሶና ሠርግ አብረን ተቀምጠናል፤ ሥጋ ግን እነሱ የእኛን አይበሉም፣ እኛም የእነሱን አንበላም። ይህን የማያውቅ ሕፃን እንኳ የለም።

ለአስተማሪዋ ነገርኳት። «እትዬ፣ ሥጋው የክርስቲያን ከሆነ መቅመስ አልችልም። በእንቁላል ልሥራ።»

«እንቁላል? በበዓለ ሃምሳ፣ ሰው ከጾም በወጣበት? አታዋርጅኝ እንጂ!» አለች። ቀጥላም ድምፅዋን አለሳለሰች። «አይዞሽ፣ ከእናንተው ሥጋ ተራ እገዛልሻለሁ።»

«ፈታኞቹስ? እነሱ እንዴት ይበሉታል?»

«ማን ይበላዋል ብሎሽ ነው? አሠራርሽንና አቀራረብሽን ዓይተው ማርክ ይሰጣሉ። ምሳቸውማ ሆቴል ታዟል።»

በፈተናው ቀን ጠዋት ሥጋውን በወረቀት ጠቅልላ አመጣች። «ግድር መጋላ ድረስ ሄጄልሽ» አለችኝ እየሳቀች፣ «ጭልፊቱ ከእጄ ሊነጥቀኝ ነበር እኮ! በነጠላዬ ባልከልለው ኖሮ ዛሬ ባዶ እጄን ነበርኩ።»

ግድር መጋላ ትልቁ ገበያ ነው፤ የእኛ ሥጋ ሻጮች ያሉት እዚያ ነው። ጭልፊቶቹ ከጣሪያ እየተወረወሩ ከሰው እጅ ሥጋ ይነጥቃሉ። ጭልፊቱን ስታወራልኝ አመንኳት። የምትዋሽ ሴት ጭልፊት ትጨምራለች ብዬ እንዴት ልጠርጥር?

ነጭ ሽርጥ ታጥቄ ሠራሁ። ነጭ ሽንኩርቱን ሰክቼ፣ መረቁን በማንኪያ እያፈሰስኩበት፣ ድንቹን ዙሪያውን ደርድሬ አበሰልኩት። ፈታኞቹ ሁለት ነበሩ፤ አንድ ወፍራም ሰውዬና አንዲት መነጽር ያደረገች ሴት። አጠገቤ ቆሙ። ቆረጥኩ፣ «ቢስሚላህ» አልኩ፣ ቀመስኩ።

አስተማሪዋ ቢስሚላህ ስል ሰምታኛለች። ፈገግ አለች። ያን ፈገግታ እስከዛሬ አልረሳሁትም።

አሮስቶውን ጠረጴዛ ላይ አቅርቤ፣ እንደተማርኩት እጄን አጣምሬ በሩ አጠገብ ቆምኩ። ዓይተው ማርክ ጽፈው ወደ ሆቴላቸው የሚሄዱ መስሎኝ ነበር። ወንበር ስበው ተቀመጡ። ዳይሬክተሩም መጣ፤ አስተማሪዋም ተቀመጠች። ዳይሬክተሩ ማዕዱን ባረከ። ቢላ ተነሣ።

ደነገጥኩ። የደነገጥኩት ለራሴ አልነበረም፤ ለእነሱ ነው። የዳይሬክተሩ ማተብ አንገቱ ላይ እየታየኝ፣ ይህ ሰው ሳያውቅ የእኛን ሥጋ ሊበላ ነው፣ ኃጢአቱ በእጄ ሊሆን ነው አልኩ። ብናገር ማርኬን ሊቀንሱብኝ እንደሚችሉ አውቃለሁ። ዝም ብል ደግሞ ነገሩ ከኅሊናዬ አይወጣም። መጀመሪያውን ጉርሻ ውጦ ሁለተኛውን ሲያነሣ አላስቻለኝም።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ሥጋው እኮ የእኛ ነው።»

«የእናንተ ማለት?»

«የሙስሊም ነው። ከግድር መጋላ የተገዛ ነው።»

የወፍራሙ ሰውዬ ሹካ አየር ላይ ቀረ። ባለመነጽሯ በመሐረብ አፏን ያዘች። «በስመ አብ!» አለ ዳይሬክተሩ፤ ወደ አስተማሪዋ ዞሮም ጮኸ። «ምን ጉድ ነው የምታበይን አንቺ?»

እሷ አልተቻኮለችም። ሥጋዋን አላምጣ፣ ውጣ፣ ከንፈሯን ጠረገች።

«ኧረ ጋሼ፣ ምን ነካዎት? እኔ ማተቤን በጥሻለሁ? ከእኛው ሥጋ ቤት፣ ከደንበኛዬ ዘንድ ነው ያስቆረጥኩት። ልጅቷ እንዳታስቸግረን ብዬ ነው እንዲያ ያልኳት።»

ጠረጴዛው ዙሪያ ትንፋሽ ወጣ።

«እፎይ!» አለ ወፍራሙ ሰውዬ። «አንቺ ልጅ፣ ገደልሽን እኮ!» ሳቁ። ባለመነጽሯ መሐረቧን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ሹካዎቹ ተመለሱ። እኔ እዚያው በሩ አጠገብ ቆሜአለሁ፤ አፌ ውስጥ ያለውን የሥጋ ጣዕም የት እንደማደርገው አላውቅም። አንድም ሰው ወደ እኔ አልዞረም። የዞረው ዳይሬክተሩ ብቻ ነው፤ እሱም ሳሕኑን ዘረጋልኝ።

«ነይ እስኪ ልጄ፣ ከዚያ ከለሰለሰው በኩል ጨምሪልኝ።»

ወጥቼ ሮጥኩ። ግቢው ውስጥ ቧንቧው ሥር አስታወከኝ። ጣቴን እየከተትኩ፣ የሚወጣ ነገር እስኪጠፋ ድረስ አወጣሁ። አስተማሪዋ ተከትላኝ መጣች።

«ምን ሆንሽ? መርዝ አበላሁሽ?»

«ከግድር መጋላ ነው ብለውኝ ነበር።»

«የበሬ ሥጋ ነው፤ በሬ ሃይማኖት የለውም» አለችና ሳቀች። ቀልዷ ደስ አላት መሰለኝ ደገመችው። እንዳልሳቅሁ ስታይ ግን ፊቷ ተለወጠ። «ተነሺ! ዕቃ ማንሣትና የቃል ጥያቄ ይቀራል። ፈተና ጥላ የወጣች ልጅ ለሌላውም ፈተና እንደማትገባ ታውቂያለሽ። ሐኪም መሆን ነው የምትፈልጊው ወይስ እዚህ ማልቀስ?»

አባቴ ትዝ አለኝ፤ መቀሱን ሳያስቀምጥ ለዘመዶቹ ሲመልስ። አፌን ተጉመጥሙጬ ገባሁ። የጋጡትን አጥንት ከሳሕኖቻቸው ላይ ሰበሰብኩ። ሥጋ ስንት ሰዓት እንደሚጠበስ ጠየቁኝ፤ መለስኩ። ወፍራሙ ሰውዬ ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ «ጎበዝ» አለኝ።

ቤት ስገባ ለእናቴ ብቻ ነገርኳት። እንደ ሕፃን ጭንቅላቴን ይዛ አፌን ደጋግማ አጠበችልኝ። «አንቺ አላወቅሽም፣ አላህ ያውቃል። ወላሂ ባንቺ ላይ የለም፣ በእነሱ ላይ ነው» አለችኝ። ከዚያ በሩን ዘግታ «ለአባትሽ ግን አንድ ቃል እንዳትተነፍሺ። ከሰማ ነገ ከትምህርት ቤቱ ያስወጣሻል» አለች። አባቴ ሳይሰማ ሞተ።

የቀሩትን ፈተናዎች ተፈተንኩ። ክረምት ላይ ውጤት መጣ። አምስቱንም አልፌአለሁ። በባልትናው ያገኘሁት ግን ከሁሉ የበለጠ ነበር፤ አሮስቶው ጥሟቸዋል። ዳይሬክተሩም በዚህ ብቻ አልቆመም። እንዲህ ያለ ሙያ እንዳይባክን ብሎ፣ እኔን ሳይጠይቅ፣ ለባልትና አስተማሪነት ስሜን አስተላልፎ ኖሯል። አዲስ አበባ ሄጄ ባልትና እንድማር ተመደብኩ። ልለምነው ብሄድ «ደስ ሊልሽ ይገባል፤ ነገ መጥተሽ ክፍላችንን ትረከቢያለሽ» አለኝ። ምድጃውም ለትምህርት ቤቱ ቀረለት።

ለአባቴ ስነግረው መኪናውን አቆመ። የእሱ መኪና በሥራ ሰዓት ሲቆም ያን ቀን ነው ያየሁት።

«ወጥ መሥራት ለመማር ነው አዲስ አበባ የምትሄጂው? እናትሽ እዚህ አለችልሽ አይደል?»

አልላከኝም። በዓመቱ ተዳርኩ። ከዚያ ወዲህ ያለው ሕይወቴ የራሴ ነው፤ እዚህ አልጽፈውም።

አስተማሪዋ ሞታለች። ነፍስ ይማር የሚሉላት ብዙ ናቸው፤ እኔ አልልላትም። ዳይሬክተሩን ግን ከጥቂት ዓመታት በፊት አገኘሁት። አቦከር ሰፈር አንድ ክርስቲያን ጎረቤታችን ልጁን ሲድር ነው። ባለ ሠርጉ ፊደል የቆጠረ ሰው አይደለም፤ ነገር ግን ለእኛ ለሙስሊሞቹ በሙስሊም እጅ አሳርዶ፣ በሙስሊም ሴቶች አስበስሎ፣ ለብቻ ዳስ ጥሎልን ነበር። ዳሱ በር ላይ ራሱ ቆሞ «የእናንተ ነው፣ አትጠራጠሩ» እያለ ያስገባል። በልቼ ስወጣ አንድ ከዘራ የያዘ ሽማግሌ መንገዴ ላይ ቆመ። ወዲያው ለየሁት። እሱም ለየኝ።

«አንቺ! ባለ አሮስቶዋ!» አለና አብረውት ወደቆሙት ሰዎች ዞረ። «ይህች ተማሪዬ ነበረች። አንድ ቀን የሠራችልን አሮስቶ፣ ታምናላችሁ፣ ጣዕሙ እስከዛሬ ከአፌ አልጠፋም!»

«ከእኔም አልጠፋም ጋሼ» አልኩት።

ሳቀ። አብረውት ያሉትም ሳቁ። ትከሻዬን ሊመታ እጁን ሲዘረጋ ወደ ኋላ አልኩ። ምን ማለቴ እንደሆነ አልጠየቀኝም። ያን ቀንም አልጠየቀኝም፤ ሳሕኑን ነው የዘረጋልኝ።