አለቃን የሚይዝ ጠፋ

ጋምቤላ በምሠራበት መሥሪያ ቤት ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሥራ የለም ማለት ይቻላል፤ ሰበቡ ሙቀቱ ነው። አለቃችን ይህን አይተው፣ ልጃቸው ከአዲስ አበባ ያመጣችላቸውን የጌም ማጫወቻ ከስብሰባ አዳራሹ ቴሌቪዥን ጋር አገናኙና «የቡድን መንፈስ ማጎልበቻ» አሉት።

ጌሙን ብዙ ሰው ያውቀዋል። ቢጫ ክብ ነገር አፉን እየከፈተና እየዘጋ በጠባብ መተላለፊያ ነጠብጣብ ይለቅማል። ይሄኛው ግን ለአራት ሰው የተሠራ ነው። አንዱ ይበላል፣ ሦስቱ መናፍስት ሆነው ያሳድዱታል። በላተኛውን የያዘ መንፈስ ቦታውን ይወስዳል፤ የተያዘው ደግሞ ወርዶ አሳዳጅ ይሆናል።

ምክትላቸው ሕጉን ጮክ ብሎ ሲነግረን እርስ በርስ ተያየን። አለቃን ይዞ ቦታቸውን የሚወስድ ማነው?

ማንም። ለሳምንታት እሳቸው በሉ፣ እኛ ሸሸን። ምክትሉ ድንገት ፊት ለፊት ሲገጥማቸው «ይቅርታ ጌታዬ» ብሎ ይመለስ ነበር። እኔ አንድ ጥግ ይዤ እሽከረከራለሁ። አለቃችንም «ጣቴ ድሮም ፈጣን ነው» ማለት ጀመሩ፤ ከልባቸው አምነው።

በዚህ መሃል አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ ከፑኝዶ ቅርንጫፋችን ተዛውራ መጣች። አማርኛዋን የለመደችው ገበያ ላይ ነው፤ «እርስዎ» የሚባል ነገር አታውቅም። ዘበኛውም አለቃውም «አንተ» ናቸው። ዓርብ ዕለት መቆጣጠሪያውን ያዘችና ገና ሳንረጋጋ፣

«ያዝኩህ! ቦታ ልቀቅ!» ብላ ከወንበሯ ተነሣች።

ሁላችንም ወደ አለቃችን ዞርን።

«መብራቱ ተቆራርጦ ነው ጌታዬ» አለ ምክትሉ። መብራቱ ቦግ ብሎ ይበራል።

እንደገና ተጀመረ። እንደገና ያዘቻቸው። አለቃችን ላባቸውን ጠርገው መንፈስ ሆኑና ያባርሯት ጀመር፤ ምክትሉም እሷን ለመያዝ ተንደረደረ። ስታመልጣቸው ጮኹ፤ ሊይዟት ሲቃረቡ እግራቸውን መሬት ላይ መቱ። እንዲያ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም። ከዚያ ግን ድንገት ወደ ምክትሉ ዞሩ።

«አንተ፣ እሷን እንዲህ ተንደርድረህ ታሳድዳለህ። እኔን ስታሳድድ የነበረው በየት በኩል ነው?»

 

በሚቀጥለው ዓርብ «ከዛሬ ጀምሮ እኔን መያዝ ግዴታ ነው» ብለው አዘዙ። መመሪያ ነውና ታዘዝን። ጨዋታው ሲጀመር ምክትሉና እኔ እየተሽቀዳደምን ሄደን ያዝናቸው። «አያያዜ እንዴት ነው ጌታዬ?» ይላል ምክትሉ። ጨዋታው እንደገና በተጀመረ ቁጥር አንዲት ነጠብጣብ ሳይለቅሙ ተያዙ። በመጨረሻ መቆጣጠሪያውን ጠረጴዛው ላይ ጣሉና «ከእናንተ ጋር መሸነፍም አይቻልም!» ብለው ወጡ።

አሁን ማጫወቻው ቢሯቸው ውስጥ ነው። ምሳ ሰዓት ላይ የሒሳብ ሠራተኛዋ ትገባለች፣ በሩ ይዘጋል። «ያዝኩህ!» ትላለች፤ «አልያዝሽኝም፣ ግድግዳ ነው የነካሽው!» ይላሉ። ጩኸታቸው ባሮ ወንዝ ዳር ልብስ የሚያጥቡት ሴቶች ዘንድ ሳይደርስ አይቀርም። ምክትሉ በሩ ላይ ቆሞ ባለጉዳይ ይመልሳል።

«ስብሰባ ላይ ናቸው» ይላል፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።